ከበሩ ማዶ የቆመችው እናት

በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ውስጥ፣ ከሕክምና ትምህርት ቤቱ በር ማዶ ዓሳ ስትጠብስ ያረጀችው ሴርዋ ያቺን ሴትዮ ዛሬም አትረሳትም። ልጇን ለመግቢያ ቃለ መጠይቅ አድርሳ፣ ነጭ የክት ልብሷን አገልድማ፣ በርጩማ ቢለቀቅላትም አልቀመጥ አለች።

«ከልጅሽ ጋር አትገቢም እንዴ፣ እቴ?» አለቻት ሴርዋ።

«እናቷ እጇን ይዛ አመጣቻት ይሉኛል ብላ ከለከለችኝ። ግራኝ ናት እኮ። ለቃለ መጠይቁ ስትገባ ወረቀቷን በግራዋ ከሰጠቻቸው ስድ ይሏታል። በቀኝሽ ስጪ ለማለት ሁሌ ክርኗን የምነካት እኔ ነበርኩ።»

«ሐኪም ልትሆን የመጣች ልጅ ቀኟ ይጠፋታል?» ብላ ሴርዋ ሳቀች።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። የበሩ ዘበኛ የጥሪ ደብዳቤዋን ሲጠይቃት ልጅቷ ግራ እጇን ከኋላዋ ደብቃ በቀኟ ሰጠችውና ገባች። ያኔ ነው ሴርዋ ያስተዋለችው፤ እናትየዋም የገዛ ግራ እጇን ከወገቧ ኋላ ይዛ ቆማለች። ልጅቷ እስክትወጣ ድረስ አልለቀቀችውም።