ትራክተሩን የሚነካው ማን ነው?

ሰው ቶሎ የማምን አይደለሁም። ባለቤቴ በዚህ ስትተርበኝ፣ «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቃለህ» ትለኛለች። በዚያ ሚያዝያ ማንን እንደጠረጠርኩ ግን አልነገርኳትም፤ የጠረጠርኩት ታላቅ ወንድሟን ነበርና።

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሻኮፒ ከምትባል ከተማ ወዲያ፣ ከእሱ ጋር በጋራ ቁራሽ መሬት ተከራይተን ጎመን፣ ቃሪያና ድንች እንተክላለን። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ እሱ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ስለዚህ የምንሄደው በተለያየ ቀን ነው። ትራክተሩ ከሁለታችንም በዕድሜ የሚበልጥ፣ በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ነው። አየርና ቤንዚን ወደ ሞተሩ በሚያስገባው ቱቦ ጎን አንዲት የብረት ምላስ አለች። ወደ ሙቅ ስትዞር የጭስ ማውጫው ግለት ቱቦውን ያሞቀዋል፤ ይህ ለብርድ ነው። ቀዝቃዛው ደግሞ ለሙቀት ወራት ነው። እዚህ የሚያዝያ ጠዋት ገና ውርጭ ነው፤ ምላሷ ሙቅ ላይ ካልሆነች ትራክተሩ ያስላል፣ ይንተፋተፋል፣ ከትልሙ መሀል ቀጥ ይላል።

ምላሷን ሙቅ ላይ አድርጌ፣ የምትይዛትን ብሎን አጥብቄ ሄድኩ። በሌላ ቀን ስመጣ ቀዝቃዛ ላይ ናት። መለስኳት። እንደገና ቀዝቃዛ። ቁልፍ ያለን ሁለታችን ብቻ ነን፣ እኔ አልነካሁም፤ ታዲያ ማን ይሆናል? በክረምቱ «ታክሲውም እርሻውም አይከብድህም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ትዝ አለኝ። ለካ አማርሮኝ ስወጣለት መሬቱን ሊጠቀልል ነው! በገንኩ። ፊት ለፊት እንዳልጠይቀው ይሉኝታ ያዘኝ፤ ታላቅ ነው፣ አማች ነው። ማስረጃ ይሁነኝ ብዬ የባለቤቴን የጥፍር ቀለም ወሰድኩና፣ ምላሷ ሙቅ ላይ ስታርፍ ከሥሯ ካለው ብረት ጋር የሚያያይዝ ቀይ መስመር አሰመርኩ።

ለፋሲካ ወንድሟ ቤታችን አልመጣም። ባለቤቴ በዚህ አገር ከእሱ ሌላ ዘመድ የላትም። ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችው፤ ስልክም አላነሳላትም። አለቀሰች። እኔ በሆዴ፣ ጥፋቱን ስለሚያውቅ ነው ፊቴን ማየት ያፈረው አልኩ። ፈረሰኛውን ላነሳ ስል እጄን መታ አደረገችኝ።

«የጋሼ ነው» አለች።

ከበዓሉ በኋላ ስሄድ ከቀዩ መስመር አጠገብ ቢጫ መስመር አየሁ፤ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ላይ በሚጽፉበት ማርከር የተሰመረ። እሱም እኔን ጠርጥሮ እየተከታተለኝ ኖሯል! ይባስ ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ሊያሳስተኝ ይሆናላ። ሞተሩን አስነሳሁና ወርጄ ምላሷ ላይ አፈጠጥኩ። ትራክተሩ ይንቀጠቀጣል። ምላሷም ቀስ፣ ቀስ እያለች ከሁለቱም መስመር ወጣች። የማንም እጅ አልነካትም። የብሎኗ ጥርስ አልቆ ነው።

እሱ በሚሄድበት ቀን አዲስ ብሎን ይዤ ሄድኩ። ሞተሩን አስነስቼ አሳየሁት። ምላሷ ስትንሸራተት ቆሞ አየና ሞተሩን አጠፋው።

«ቀዩ ያንተ ነው?» አለኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ቀለሙን አውቀዋለሁ። ለእህቴ በርዝዴይ የገዛሁላት እኔ ነኝ። እሷም አብራህ ቼክ የምታደርገኝ መስሎኝ ነው እኮ ፋሲካን የቀረሁት።»

እሱ አዲሱን ብሎን ማስገባት ጀመረ። ለባለቤቴ ደወልኩና ስፒከር ላይ አደረግሁት።

«ጋሼ አጠገቤ ነው» አልኳት።

«ደህና ነው?» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅም፣ «ፈረሰኛው ፍሪዘር ውስጥ ነው በለው። ማንም አልነካውም።»

እሱ ጎንበስ ብሎ፣ ያጠበቀውን ብሎን እንደገና ያጠብቅ ጀመር።