ገሳይ ላይ ተኝቶ የሚቆይ ሰው

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ገሳይ ውስጥ በተዋስናት ጠባብ ክፍል ነው። የጤነኛ ሰዎችን የልብ ምት በመሣሪያ ወረቀት ላይ እንድቀዳ ከደብረ ታቦር ተልኬ ነበር። መሣሪያው «ጤነኛ» የሚለው ልክ ሩቅ አገር ካሉ ሰዎች የተወሰደ በመሆኑ የእኛን ሰው ያለ በሽታው ይጠረጥራል። አጎቴ እንኳ አንድ ጊዜ «ልብህ ትክክል አይደለም» ተብሎ፣ ሐኪም እስኪያረጋጋው ድረስ በሬዎቹን ፈትቶ ቤት ተቀምጧል። ስለዚህ ለየአካባቢው ሕዝብ የራሱ ልክ ይውጣለት ተባለ። አለቃዬ ግን ሲሸኘኝ «እስከ ነገ ንጹሕ ቅጂ ካላገኘሽ ገሳይን ትተን ሌላ ቦታ እንሄዳለን» ብሎኛል።

መጀመሪያ የተኙት አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበሩ። ደረታቸው ላይ የመሣሪያውን ገመዶች ስለጥፍ እኔ ጣራውን አያለሁ፣ እሳቸው ግድግዳውን።

«እንዳይንቀሳቀሱ» አልኳቸው።

«እንደ ሬሳ!»

ወረቀቱ መውጣት ሲጀምር በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ቄስ ገቡ።

«ኖር!» ብለው ገበሬው ከነገመዳቸው ተነሡ።

«በእግዜር! ኧረ ተኛ በሥላሴ!»

«አባ ቆመው እኔ ልተኛ? ምን ነክቶኝ!»

መስመሩ ዘለለና ወረቀቱ ላይ ጉና ተራራ ወጣ። እንደገና አስተኛኋቸው፤ ሌላ ሽማግሌ ገቡ፤ ሌላ ጉና። ከሁሉ የባሰው፣ ቄሱ ተመልሰው ሲመጡ እኔ ራሴ ተነሣሁ። መሣሪያው በእጄ ስለነበር ገበሬው በገመዱ እየተጎተቱ ተከተሉኝ።

«ልቤ ደህና ነው ልጄ?»

«ልብዎ… ሰው አክባሪ ነው» አልኳቸው።

አመሻሽ ላይ አለቃዬ ደወለ። «ምን አገኘሽ?»

«ተራራ።»

«ነገም ተራራ ከሆነ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ነይ» ብሎ ዘጋው። ገሳይ ከተተወች መሣሪያው የአጎቴን ቢጤ ሁሉ ማስደንገጡን ይቀጥላል።

በማግስቱ ጠዋት ቄሱን ከሁሉ አስቀድሜ አስተኛኋቸው። በዕድሜም በማዕረግም የሚበልጣቸው ስለሌለ ለማንም አልተነሡም፤ ቅጂያቸው ንጹሕ ሆነ። ከዚያ ወንበሬን ከበሩ ውጭ አወጣሁና አንገቴን ደፍቼ «አባ፣ እባክዎ እዚህ ይቀመጡልኝ» አልኩ። የመጣው ሽማግሌ ሁሉ መስቀል ሊሳለም ቆሞ፣ ወሬ ጀምሮ፣ እዚያው ቀረ። ውስጥ የትናንቱ ገበሬ ዳግም ተኝተው ሳለ ከውጭ «ኖር!» ሲባል ሰምተው ብድግ ሊሉ ነበር።

«ለአባ ነው» አልኳቸው።

«እንዲያማ ከሆነ» ብለው ተኙ።

ጉና ጠፍቶ በልክ የተደረደሩ ትንንሽ ጉብታዎች ወጡ። ወረቀቱን ይዤ ለአለቃዬ ልደውል ስወጣ በሩ በሰው ተዘግቷል፤ እኔም ተሰልፌ መስቀል ተሳለምኩ።