ጠላ ቤት ደጃፍ የሚቆመው ፈረሴ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውሰውም። ድንች የሚወጣበት ሰሞን መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ ያኔ ጋሪዬ ላይ አፈር አይጠፋም ነበር።

ከተማችን ቆሰበር ላይ ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ጋሪ የሚሳፈር ጠፋ። ፈረሴን ልሸጠው ነው እያልኩ ስብሰለሰል ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ነገር ወሰነ። የገበያውና የየቤቱ ቆሻሻ ከእንግዲህ አይቃጠልም፤ እየተሰበሰበ ይበሰብስና ለተክል የሚሰጥ ኮምፖስት ይሆናል፤ የሚሰበሰበውም ቢቻል ነዳጅ በማይጠጣ ነገር ነው ተባለ።

"ጭሱ አየሩን እያሞቀው ነው፣ አባቴ" አለኝ የማዘጋጃ ቤቱ ወጣት ባለሙያ።

"በቆሰበር ብርድ ትንሽ ቢሞቅ ምን አለበት?"

ሳቀ። "ሙቀቱ ብቻውን ቢመጣ ጥሩ ነበር። ዝናቡን ያዛባብናል እንጂ። ያኔ ድንችዎን በምን ያበቅሉታል?"

ይኼስ ገባኝ።

ለሙከራ አንድ ጠዋት ተሰጠኝ። ገበያው ሳይደምቅ ሰፈሩን ዞሬ ከጨረስኩ ሥራው የእኔ ነው፤ ካቃተኝ ለባጃጅ ይሰጣል፣ ፈረሴም ይሸጣል። ባለሙያው አጠገቤ ተቀመጠና ጉዞ ጀመርን። ደህና እየሄድን ጠላ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ፈረሴ ቀጥ ብሎ ቆመ። በአገውኛ ለመንኩት፣ በአማርኛ ተቆጣሁት፤ ወይ ፍንክች! ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስመለስ እዚያው ሳቆመው ኖሬ፣ እሱ ምን ያድርግ? ባለሙያው ሰዓቱን ያያል፤ እኔ መሬቱን አያለሁ።

ባለ ጠላ ቤቷ ብቅ አለች። "አንተ ሽማግሌ፣ በጠዋቱ ጀመርኸው?"

"እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው!"

"ከጌታው ተምሮ ነዋ!"

ጉዴን ነገርኳት። ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ቆሻሻዋን ተሸክማ መጣች። ጋሪው ላይ ዱብ አደረገችውና መንገዱ መሀል ቆማ ተጣራች። "እናንተዬ! ቆሻሻችሁን አምጡ፣ ፈረሱ ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው!"

ከዚህም ከዚያም በር ተከፈተ። አንዷ በሳፋ፣ አንዷ በከረጢት እየያዙ ጎረፉ። ዞሬ የምለቅመው ሁሉ እግሬ ድረስ መጣልኝ፤ ጋሪው ጢም አለ። እሷ ደግሞ እፍኝ ገብስ ለፈረሱ ዘረጋችለት። ቆርጥሞ እንደጨረሰ ማንም ሳይነካው መንገዱን ቀጠለ! ለካስ እኔ ስጠጣ እሱም ደጅ ላይ ገብሱን ሲበላ ነው የኖረው።

"የባጃጅ ጡሩምባ ይህን ሁሉ ሰው አይጠራም" አለ ባለሙያው እየሳቀ። ገበያው ገና ሰው አልያዘም ነበር።

ዛሬ ያ ደጃፍ የሰፈሩ ቆሻሻ መሰብሰቢያ ነው። በአስፋልቱ ዳር የተተከሉት ችግኞች የእኛን ኮምፖስት እየበሉ በቁመት ከጋሪዬ በልጠዋል፤ የገበያው ጭስም ቀርቷል። ፈረሴ አሁንም የእኔ ነው። ከመሸጥ ማን አተረፈልህ ቢሉኝ፣ ያቺ ገብስ ደብቃ የምታበላው ባለ ጠላ ቤቷ ናት።