የተገነዝኩበት ጨዋታ

ትናንት ዳይሬክተር የሆነው የአክስቴ ልጅ የሠራውን ፊልም ሞጣ አዳራሽ ውስጥ አየሁ። የቀብሩ ትዕይንት ሲመጣ አጠገቤ የነበሩት ሴቶች በነጠላቸው እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ግን ልጆች ሳለን ቢቸና፣ አያታችን ጓሮ፣ በእሳቸው ነጠላ ተገንዤ የተኛሁበት ቀን ትዝ አለኝ።

የአክስቴ ልጅ የሰፈሩን ልጆች በተራ ያስለቅሳል። «አንተ ሞተሃል፤ እንዳትስቅ» ይለኛል። ጉንዳን አንገቴን ነክሶኝ እንኳ ንቅንቅ አላልኩም። አያታችን ከገበያ ሲመለሱ ለቅሶው እውነት መስሏቸው ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ጨዋታ መሆኑን ሲያውቁ ሳቁና ግንባሩን ሳሙት።

«አንተስ ሰው ታስለቅሳለህ» አሉት። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ተነስ፣ ነጠላዬን አቆሸሽከው» አሉኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ። እኔም ዘግይቼ አጨበጨብኩ። ሬሳ የሆነው ተዋናይ ደረቱ እንኳ አልተነቃነቀም ነበር። ስለ እሱ ግን ማንም ምንም አላለም።