ለጆሮው የቀደድኩት ኮፍያ

ልጄ ልብስ የሚባል ነገር አይወድም ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ካልሲውን መኪና ውስጥ፣ ሸሚዙን ደረጃ ላይ፣ ሱሪውን ደግሞ እንግዳ ፊት ነበር የሚያወልቀው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለሃሎዊን፣ ልጆች አውሬና እንስሳ መስለው ከረሜላ ለሚለምኑበት የፈረንጆች በዓል፣ የንብ ልብስ ከሱቅ ገዝተንለት ነበር። ክንፉ ጀርባውን ወጋው፤ አንገቱ ላይ የተሰፋችው ምልክት ቧጠጠችው፤ አንድ ከረሜላ እንኳ ሳይቀበል አውልቆ ጥሎት በዳይፐር ብቻ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሮጠ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ውስጤ ግን አረረ። ልብስ ሰፊ ሆኜ ልጄ ራቁቱን ሲሮጥ መታየቱ ለሙያዬ ስድብ ነው።

የምሠራው እዚያው ፌርፋክስ ላይ፣ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጡ የአንዲት እትዬ ሱቅ ውስጥ ነበር። ከአገር ቤት የመጣውን ቀሚስ አጠባለሁ፣ አሳጥራለሁ፤ ሰርግ ሲደርስ ደግሞ ያጠበብኩትን መልሼ አሰፋለሁ። ባለቤቴ ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የሆቴል እንግዶች የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ልጁን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ሱቁ ውስጥ ከእኔ ጋር ይውላል። በተሰቀሉት ቀሚሶች መሀል ይሮጣል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ የመስተዋቱን እግር ይነቀንቃል። «ና» እለዋለሁ፣ አይመጣም። «ውረድ» እለዋለሁ፣ አይወርድም። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም።

«እንደ አባቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል» እላለሁ ለደንበኞቼ። ይስቃሉ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ሁለት ዓመት ሲሞላው እሱን የምታየው ሐኪም ስንት ቃል እንደሚናገር ጠይቃኝ ነበር። አራት አልኳት፤ እሱንም አጋንኜ ነው። የጆሮ ምርመራ እንዲደረግለት ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ሲወለድ ጆሮው ተመርምሮ ደህና ነው ተብሎ የለም ወይ ብዬ ተከራከርኳት። በኋላም ሊመጣ የሚችል ነገር አለ አለችኝ። ይህን ቃሏን ጠላሁት። ወረቀቱን የክር መሳቢያው ውስጥ ከተትኩትና ቀጠሮ ያዝኩ፤ ቀኑ ሲቀርብ ለሚቀጥለው ወር አስተላለፍኩት፤ ያም ሲቀርብ እንደገና አስተላለፍኩት። በመጨረሻ እትዬን አማከርኳቸው።

«ወንድ ልጅ አፉ የሚፈታው ዘግይቶ ነው» አሉኝ። «የኔ ትልቁ ሦስት ዓመቱ ድረስ ትንፍሽ አላለም። ዛሬ ስልክ ከያዘ ማን ያስጥለዋል? ይልቅስ በልጁ ላይ ክፉ አታናግሪበት።»

ምክራቸውን ወደድኩት። ክፉ ነገር ካልተነገረ የማይመጣ ይመስለኝ ነበር። ግን ክር ፍለጋ መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር ወረቀቱን አያለሁ፣ መሳቢያውንም ቶሎ እዘጋዋለሁ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ለሃሎዊኑ ፍየል ላደርገው ወሰንኩ። አባቱም የሚጠራው ፍየል እያለ ነው፤ የማይወጣበት ነገር የለማ። የንቡ ውርደት እንዳይደገም ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ጭንብል የለም፣ ዚፕ የለም፣ የሚንጠለጠል የለም፣ የሚኮሰኩስ የለም። የባለቤቴን አሮጌ ቡናማ ሹራብ፣ በመታጠብ ብዛት የለሰለሰውን፣ ቆራርጬ እንደ ፒጃማ አንድ ወጥ አድርጌ ሰፋሁት። ስፌቱ ገላውን እንዳይነካው ጠርዙን ወደ ውጭ አወጣሁት። ፍየል ነው፣ ቢንጨባረር ማን ይታዘበዋል? ዳይፐር ሲቀየር ሙሉውን ማውለቅ እንዳያስፈልግ በእግሮቹ መሀል ጠቅ የሚሉ ቁልፎች አደረግኩለት። ሲሮጥ እንዳይጠልፈው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሳጠርኩት። ጭራውን ሲቀመጥበት እንዳይቆረቁረው ባዶውን ተውኩት። ቀንዶቹን በጥጥ ሞልቼ ከልብሱ ጋር አንድ በሆነው ኮፍያ ላይ ሰፋኋቸው፤ ለብቻው የሚታሰር ነገር ከሆነማ መንጥቆ እንደሚጥለው አውቃለሁ።

እትዬ ቀንዶቹን አይተው አማተቡ።

«በዓሉ የሰይጣን፣ አንቺ ደግሞ ቀንድ ትጨምሪበታለሽ?»

«የፍየል ቀንድ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«የሰይጣንስ ቀንድ የማን ይመስልሻል?» አሉና ቁጭ ብለው አየት አደረጉት። ትንሽ ቆይተው «የግራው ተጣሟል፣ አምጪው» ብለው ራሳቸው ፈትተው አስተካከሉት።

አለበስነውና ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። አላወለቀውም። ሮጠ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ መልበሱንም ረሳው። እትዬ አጨበጨቡ። እኔም በኩራት ልፈነዳ ደርሼ ስሙን ጠራሁት። መስኮቱን እያየ ነበር፤ ማየቱን ቀጠለ።

«ኮፍያው ነው፤ ጆሮውን ሸፍኖታል» አልኩ። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ኮፍያውን በግራም በቀኝም ቀደድኩት። ቀዳዳዎቹን ክብ አድርጌ ጠርዛቸውን ዘመዘምኩ፤ ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቄ አላውቅም። መልሼ ሳለብሰው ትናንሽ ጆሮዎቹ በቀዳዳዎቹ ብቅ አሉ። ጠራሁት። ጮክ ብዬ ደገምኩት። በአውራ ጣቱ የመስኮቱን መስታወት እያሸ ነበር። ያን ቀን ፈራሁ። ፍርሃቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም ቢሆን እንደ ነገሩ ነው የነገርኩት።

በማግስቱ ቃጭል ጨመርኩበት። ምክንያቴ በቂ ነበር፤ ከስፌት መኪናው ቀና ሳልል የት እንዳለ እንድሰማው ነው። አንገቱ ላይ ባስር ያንቀዋል፤ ሆዱ ላይ ብሰፋው ነቅሎ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ እጁ በማይደርስበት፣ በትከሻዎቹ መሀል፣ በአራት እጥፍ ክር ሰፋሁት። በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሱቁን ሙሉ ያንቃጭለዋል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ የልጄ እኩያ ነች። ቃጭሉን ስትሰማ ዓይኗ በራ። እየሳቀች በልጄ ዙሪያ ትሽከረከር ጀመር፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ፈልጋ እስክታገኘው አላረፈችም፤ ስታገኘው በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ልጄ ግራ ገባው። ምን አድርጌ ነው የምትስቅብኝ በሚል ፊት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። ዞሮ ጀርባውን አልፈለገም። ቀኑን ሙሉ ጀርባው ላይ ሲንቃጨል የዋለውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አልፈለገውም።

እናቷ መሳቋን አቆመች። አየችኝ። እኔ ግን የቀሚሷን ጫፍ መለካት ያዝኩ፤ ስንት እንደነበር ግን ዛሬም አላስታውስም።

እንደሄዱ ልጄን ልፈትነው ተነሳሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ የክር ማጠንጠኛዎች ይደረድር ነበር። ጫማውን እንደ ልማዱ የትም ጥሎታል። ከኋላው ቀስ ብዬ መጣሁና ጨርቅ የምቆርጥበትን ከባዱን የብረት መቀስ ከትከሻዬ ቁመት ለቀቅኩት። የወለሉ ሳንቃ ላይ ጓ አለ።

ዞረ!

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። አንስቼ ሳምኩት፤ ጉንጩን፣ ቀንዱን፣ ሁሉን። ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ይሰማል! አሁን ሞከርኩት፣ ይሰማል! አፖይንትመንቱን ካንስል አደርገዋለሁ።»

«ሹር ነሽ?»

«መቀስ ጥዬ ዞረ ስልህ!»

«ኦኬ፤ ሶ፣ ጥጋብ ነዋ» አለ። ድምፁ ሲቀልል በስልክ ሰማሁት። እሱም ለካ ሲፈራ ከርሞ ነበር፤ አልነገረኝም እንጂ። ቀጥዬ ክሊኒኩ ደውዬ ቀጠሮውን ሰረዝኩት።

የሃሎዊን ዕለት ከበረሃው በኩል የሚመጣው ትኩስ ንፋስ ሲነፍስ ዋለ። በበጋ እንኳ እንዲያ አልሞቀንም። ሹራቡ እንዳያፍነው እጅጌውን እስከ ክርኑ ቆረጥኩለት። ወደ ማታው ላይ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ባለሱቆቹ ከረሜላቸውን በሳፋ ይዘው በየደጃፋቸው ቆሙ። ንፋሱ የወረቀት ማስጌጫውን ገነጣጥሎ አስፋልቱ ላይ ይነዳዋል። ሰው ደስ ብሎታል፤ እኔን ግን ምክንያቱን የማላውቀው ነገር ጨነቀኝ። የልጄን እጅ አጥብቄ ስለያዝኩት ተቆጣ።

በሦስተኛው ሱቅ ቸኮሌት ሰጡት። ወረቀቱን ልልጥለት ብዬ እጁን ለቀቅኩት፤ ልጬም ሰጠሁት።

ወዲያው ሮጠ። ከሱቆቹ ኋላ ያለው መኪና ማቆሚያ መውጫው የእግረኛውን መንገድ አቋርጦ ነው የሚወጣው፤ ልጄ እየሮጠ ያለው ወደዚያ ነው። አንዲት ጥቁር መኪና ወደ ኋላ እየመጣች ነበር። ስሙን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። የሱቁ ሰዎች ዞሩ፣ መንገደኛው ዞረ፣ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ሳይቀሩ ዞሩ። ቃጭሉ እየተንቃጨለ፣ ጆሮዎቹ በቀዳዳዎቹ ብቅ ብለው፣ እሱ ብቻ መሮጡን ቀጠለ። ምንም የሚያደናቅፈው ነገር አልነበረም። አሳጥሬዋለሁ፣ አቅልዬዋለሁ፣ ለሩጫ እንዲመቸው አድርጌ ነው የሰፋሁት።

መኪናዋ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። አሽከርካሪው ከሙቀቱ የተነሳ መስኮቱን ከፍቶ ነበር የሚነዳው። ቃጭል ሰምቶ ብስክሌት መስሎት ፍሬን ያዘ። ወርዶ ልጄን ሲያየው መኪናዋን ተደገፈ። ልጄ የመኪናዋን የኋላ መብራት በእጁ ይዳብስ ነበር።

የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ፣ ሁልጊዜ ሰላም የምንባባል አንድ ጋሼ፣ ከእኔ ቀድመው ደርሰው አቀፉት። ስደርስ ተቀበልኳቸው። ወዲያው አልሄዱም። ልጄን፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ አትቆጪኝና» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እንኳ ከጥግ ሆኜ ጩኸትሽ አስደንግጦኛል። ይሄ ልጅ ይሰማል?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። መቀስ ጥዬ ዞሯል ልላቸው ነበር። ያኔ ነው መቀሱ ሲወድቅ ሳንቃው እንደተርገበገበ ትዝ ያለኝ። ንዝረቱ በጫማዬ አልፎ እኔን እንኳ እግሬ ሥር ተሰምቶኛል። ልጄ ደግሞ በባዶ እግሩ ነበር።

«አይሰማም፣ ጋሼ» አልኩ።

ሌላ ሰው እንዳይናገርበት ስፈራ የከረምኩትን ቃል የተናገርኩት እኔው ነኝ። ሰማዩ አልተደፋም። እሳቸውም «አይዞሽ» ብለው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና መኪናዋን ሊያሳልፉ ሄዱ።

ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ቸኮሌቱን ይዞ ነበርና እየበላ መኪናዎቹን ያያል። አገጬን ራሱ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ይቅር በለኝ አልኩት። ፈርቼ ነው፣ አውቄያለሁ፣ ካወቅኩ ቆይቻለሁ፣ ይቅር በለኝ የኔ ጌታ። የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ወረቀቱን፣ የሰረዝኩትን ቀጠሮ፣ ሁሉንም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። እሱ ቸኮሌቱን ይበላል።

የማወራው ለጀርባው ነበር። ይህ ሲገባኝ አንስቼ ፊቱን ወደ እኔ አዞርኩት። ዓይኖቹ ቀጥታ ከንፈሬ ላይ አረፉ፤ ለካ ሁልጊዜም እዚያ ነበሩ። እንባዬን ጠርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።