ሁለት ጣት የረዘመው ማሰሪያ

ምን አስዋሸኝ፤ በገዛ ታናሽ እህቴ በሚጡ ጥርስ ቀናሁ። ያውም ገና ሳይስተካከል!

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጥርሴን የነቀልኩበት ሙያ ነው። በቦታው የበቀለው ግን አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ቀረ። በልጅነቴ "ይስተካከልልኝ" ብዬ ሳለቅስ እናቴ "ምግብ እስካኘከልሽ ድረስ ምን ጎደለሽ?" ብላ ዘጋችኝ።

ሚጡ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ግን እናቴ ራሷ እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። ብሬስ የሚሉት የጥርስ ማስተካከያ ብረት ታሰረላት። እሱ ሳያንስ፣ ከብሬሱ ተነስቶ በጉንጮቿ ግራና ቀኝ የሚወጣ ሽቦ ተጨመረላት፤ በማጅራቷ የሚዞር ማሰሪያ ወደ ኋላ ይስበዋል። ቤት ስትገባ ታደርገዋለች፣ አድርጋው ትተኛለች። የሰፈር ልጆች "ልጓም" አሉት። እሷ ታለቅሳለች፣ እናቴ ሾርባ ይዛ ታባብላለች፣ የእኔ አንጀት እርር ይላል። እኔ ብሆን ልጓሙንም በደስታ እጎርሰው ነበር!

አንድ ቀን ማሰሪያው ማጅራቷን ላጠው። "አንቺ እጀ ወርቅ፣ በለስላሳ ጨርቅ ሌላ ስፊላት" አለችኝ እናቴ። ሰፋሁላት። ግን ሁለት ጣት አስረዝሜ፣ እንዳይስብ አድርጌ። ቅናት ነዋ፣ ሌላ ምን ስም አለው?

"እትዬ፣ ተባረኪ! አሁንማ ምንም አያመኝም" አለችኝ።

ከአራት ወር በኋላ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ አፏን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። "አታደርጊውም ማለት ነው። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ከቀጠልሽ ሁለት ደህና ጥርስ ነቅለን ቦታ ማስለቀቃችን ነው።"

"ውሸታም!" ብላ እናቴ እዚያው ወረደችባት።

"እማዬ፣ አንቺን ይንሳኝ፣ አንድም ሌሊት ሳላደርገው አልተኛሁም!" ወደ እኔ ዞረች። "እትዬ ታውቃለች። እትዬ፣ ንገሪያት እንጂ!"



"እኔ ነኝ ያላላሁት" አልኩ። "ቀንቼ ነው።"

ሚጡ ማሰሪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሐኪሙ ሰጠችውና "የበፊቱን ዓይነት ይስጡኝ፤ ቢልጠኝም ይላጠኝ" አለችው።

ጥርሷ ሳይነቀል ተስተካከለ። ዛሬ ስትስቅ ቤቱ ይሞላል። እኔንም ትስመኛለች፣ ስታመምም ትጠይቀኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ባለፈው ወር ተሞሸረች። የሙሽራ ቀሚሷን ያሰፋችው ግን ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ስትለካ በመስኮቴ አየኋት።