የአባቴ ሰዓት ያላወቀው እንቅስቃሴ

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጅጋ ወዲያ ካለው ደብራቸው ወደ ፍኖተ ሰላም ይመጣሉ። በር ላይ መስቀል ያሳልሙኛል፤ እኔም ወዲያው ግራ እጃቸውን ይዤ ሰዓቱን እፈታለሁ። «ለመስቀሉ ነው የወጣሽው ወይስ ለሰዓቱ?» ይሉኛል። ለሁለቱም እላለሁ።

ሰዓቱን የገዛችላቸው ባሕር ዳር ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ ናት። አባቴ አምና ልባቸውን ታመው ነበር፤ ሐኪሙ በየቀኑ በዝግታ እንዲራመዱ፣ ከባድ ነገር ግን እንዳይሞክሩ አዟቸዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ስለሆነ ሐሳባችን በዝቷል። ሰዓቱ እርምጃቸውንና የልባቸውን ምት ይይዛል፤ እኔ ወደ ስልኬ እገለብጠውና በኢንተርኔት እልከዋለሁ፤ እህቴና ሐኪሙ እዚያ ያዩታል። ሳላይ ግን አልልክም።

ይህን ያስተማረችኝ የአባቴ በቅሎ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ስልኬ ያገኘውን ሁሉ በራሱ ይልክ ነበር። አባቴ አንድ ተዝካር ተጠርተው ሲሄዱ፣ በካህናት መካከል የጎረምሳ ጌጥ አስሬ አልቀመጥም ብለው ሰዓቱን ፈትተው በቅሎዋ ልጓም ላይ አሰሩት። ቅዳሜ ስልኬ ይህንኑ ላከው፤ እህቴ እየጮኸች ደወለች። «አባባ ምን ሆነው ነው እየሮጡ የሚሄዱት? በዚያ ልባቸው!» በቅሎዋ መሆኗን እስካስረዳት ድረስ የመኪና ትኬት ልትቆርጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ በራሱ መላኩን አጠፋሁት። ዳታዬን ዘግቼ አንድ በአንድ አያለሁ፤ የበቅሎ የሆነውን እሰርዛለሁ፤ ብቻቸውን የሚኖሩበትን ቤት ማንም እንዳያውቀው ካርታው ላይ የመንገዱን መነሻና መድረሻ እደብቃለሁ። ከዚያ ነው የምልከው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስልክ የወጣማ አፋፉም አይታይም።

በሁዳዴ አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ ስመለከት ያልጠበቅሁትን አየሁ። ገና ጎህ ሲቀድ የልባቸው ምት ሽቅብ ይወጣና ለረጅም ጊዜ እዚያው ይቆያል፤ እርምጃ ግን የለም። ሰዓቱም ግራ ገብቶት «ያልታወቀ እንቅስቃሴ» ብሎ ጽፎታል። ሰኞ አለ፣ ማክሰኞ አለ፣ እስከ ዓርብ ድረስ አለ። እሑድ ግን የለም። ያን ዕለት ቅዳሜ ጠዋትም የለም። ሰዓቱ ባያውቀው የቄስ ልጅ ታውቀዋለች። ሰው ከቆመበት ሳይርቅ ላብ የሚያወርድ፣ በሰንበት የማይደረግ ነገር አንድ ነው። አባቴ እየሰገዱ ነበር።

ተናደድሁ። ወዲያው ደግሞ አፈርሁ። በስውር ለፈጣሪያቸው ያቀረቡትን እኔ መዳፌ ላይ ዘርግቼ ማየቴ ደስ አላለኝም። ብልከው ምስጢራቸው ባሕር ዳር ሊደርስ ነው። ብሰርዘው ደግሞ አንድ ማለዳ እንደወደቁ ቢቀሩስ?

ስልኩን ይዤ በረንዳ ላይ ወደተቀመጡበት ወጣሁ። «አባባ፣ ሐኪሙ ስግደት አልከለከለዎትም?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰዓቱ።»

ባዶ ክንዳቸውን አዩት። «ከበቅሎዋ ላይ ባልፈታሁት ይሻል ነበር» አሉ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። «የእናትሽ ነው» አሉኝ። «ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ፣ እሱን አትርፍልኝ እንጂ የሚመጣውን ሁዳዴ በሙሉ እሰግዳለሁ ብላ ተስላ ነበር። እኔ ተረፍሁ። እሷ ሁዳዴው ሳይገባ ሄደች። ታዲያ ስእለቷ ሜዳ ላይ ይቅር?»

«እና እሷ ለምና ያስተረፈችውን ልብ እርስዎ ሊገድሉት ነው?» አልኋቸው። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። በአባቴ ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ የእናቴ ናፍቆትም ለእሳቸው መፍራቴም አብሮ ነው የወጣው።

«እኔ እሰግድላታለሁ» አልኋቸው።

«ስእለት የሚከፈለው በተሳለው ሰው ጉልበት ነው፣ ልጄ።»

«ጉልበቷን የወረሰው ማን ነው? መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ አካሄድሽ የእናትሽ ነው አይለኝም?»

«የንስሐ አባቴን ሳላማክር አይሆንም» ስላሉ ቡሬ ወደሚኖሩት አባት ደወልን። የንስሐ አባታቸው መጀመሪያ እሳቸውን ተቆጧቸው፤ የታመመ ሰው ራሱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃዋል አሏቸው። ስግደቱን ለእኔ ፈቀዱልኝ። አባቴ ስልኩን ሲመልሱልኝ መምህሩ እንደተቆጣው ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ አንጀቴን በሉኝ።

«በይ ላኪው» አሉ። «ያደረግሁትን ሐኪሙ ይወቅ። ለምን እንዳደረግሁት ግን እዚህ ይቅር።» ዳታዬን ከፍቼ ላክሁት፤ ለእህቴም ሁሉም ደኅና ነው፣ አትምጪ ብዬ ደወልሁላት።

ሰኞ ማለዳ ደብራቸው ባለው ቤታቸው ነበርሁ። ነጠላዬን መስቀለኛ ለብሼ ወደ ምሥራቅ ዞርሁ። አባቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እንዳይሰለቹ ብዬ ነው መሰል ቶሎ ቶሎ እወድቃለሁ፣ ቶሎ ቶሎ እነሣለሁ። ብዙም ሳልቆይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ።

«ቀስ በይ» አሉኝ። «እሷም እንዲሁ ትቸኩል ነበር።»

ግንባሬን ከመሬት ሳላነሣ ቆየሁ። ሲያለቅሱ እንዳላያቸው ብዬ ነው።